የአያት ሸክላና የልጅ ልጅ ላፕቶፕ

ፈረንጆቹ ሬከርድ የሚሉትን እኛ ሸክላ ብለነዋል። ስሙ ያለ ምክንያት የወጣ አይመስለኝም። የድሮዎቹ፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከሩት ጥቋቁርና ከባባድ ሸክላዎች፣ ከእጅ ካመለጡ እንደ ጀበና ነው የሚንኮታኮቱት። ከእነሱ በኋላ የመጡት ትንንሾቹ፣ ባለ 45 ዙሮቹ፣ ቪኒል ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ስለሆኑ ቢወድቁም እንዲያ አይሆኑም። ስሙ ግን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ተሻገረና ሁሉም ሸክላ ተብለው ቀሩ።

ደብረ ታቦር ላይ፣ ወረድ ሲሉም በወረታና በአዲስ ዘመን፣ ወጣ ሲሉም በነፋስ መውጫ፣ እነዚህ ሸክላዎች ዛሬም በየቤቱ አሉ። አልጋ ሥር፣ ሳንዱቅ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ ተደራርበው ይገኛሉ። ባለቤቶቻቸው በአብዛኛው ሰባ ዓመትን የተሻገሩ ናቸው፤ በወጣትነታቸው አስተማሪ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ነጋዴ ወይም ቡና ቤት ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ማጫወቻው ከተበላሸ ሠላሳ አርባ ዓመት ሆኖታል። መርፌው ጠፍቷል። ልጆች ሲያገኙት «ይኼ ምንድን ነው?» ይላሉ፤ የልጅ ልጆች ደግሞ እንደ ትሪ ያሽከረክሩታል።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ክረምት ክረምት የጎረቤትና የዘመድ ሸክላ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ገንዘብ የሚገኝበት ሥራ አይደለም፤ ቡና ግን በሽ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ ካየሁት ሁሉ ለወላጆችና ለአያቶች ብነግራቸው የምወደው አንድ ጉዳይ አለ። እሱም ሸክላ ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚቀመጠው ጥሬው ድምፅ መሆን አለበት የሚል ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ ለመረዳት ሸክላ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሸክላ ላይ ያለው ድምፅ በቀጭን ቦይ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ቦዩ ከጠርዝ ጀምሮ እየተጠማዘዘ ወደ መሀል ይገባል፤ መርፌዋም በቦዩ ውስጥ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘች ድምፁን ታነሳለች። ችግሩ ወፍራም ድምፅ፣ ማለትም የከበሮውና የቤዝ ጊታሩ ድምፅ፣ ሰፊ ውዝዋዜ መፈለጉ ነው። እንዳለ ቢቀረጽ ቦዩ እየሰፋ ጎረቤቱን ቦይ ይገባበታል፤ ወይም ደግሞ በአንዱ ገጽ ላይ የሚይዘው ዘፈን በጣም አጭር ይሆናል። ቀጭን ድምፅ ደግሞ በተቃራኒው ውዝዋዜው ኢምንት ስለሆነ በሸክላው የራሱ ሹክሹክታ ይዋጣል። ስለዚህ ሸክላ የሚቀርጹ ሰዎች አንድ ዘዴ አበጁ። ሲቀርጹ ወፍራሙን ይቀንሳሉ፣ ቀጭኑን ይጨምራሉ። ሲጫወት ደግሞ ማጫወቻው የተቀነሰውን ይጨምራል፣ የተጨመረውን ይቀንሳል። ድምፁ ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል፣ ቀጭኑ ሲቀነስ የሸክላው ሹክሹክታም አብሮ ይቀነሳል።

እንግዲህ «ስንት ይቀነስ? ስንት ይጨመር?» የሚለው ነገር ስምምነት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ የሸክላ አምራቾች ማኅበር አንድ ልክ አወጣ፤ በማኅበሩ የመጀመሪያ ፊደላት አር አይ ኤ ኤ ተብሎ ይጠራል። በጊዜ ሂደት የዓለም ሸክላ ሁሉ በእሱ ገባ። በዚህ ልክ መሠረት፣ መሀል ላይ ያለውን የ1 ሺህ ኸርዝ ድምፅ እንዳለ ትተን ብንነሳ፣ በማጫወት ጊዜ የ50 ኸርዙ ወፍራም ድምፅ ሰባት እጥፍ ያህል ከፍ ይላል፣ የ10 ሺህ ኸርዙ ቀጭን ድምፅ ደግሞ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ትንሽ ለውጥ አይደለም። ይህ ሳይደረግለት በቀጥታ ከመርፌ የመጣ ድምፅ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የወረደ ይመስላል፤ ከበሮው የለም፣ ዘፋኙ ይፏጫል።

ይህን መመለስ የሚችል ዕቃ ድሮ ከሬዲዮው ወይም ከማጉያው ውስጥ አብሮ ይመጣ ነበር፤ «ፎኖ» ተብሎ የተጻፈበት መሰኪያ ማለት እሱ ነው። ከጥቂት መለዋወጫዎች የተሠራች ወረዳ ናት። (እነዚያ የሻንጣ ቅርጽ ያላቸው፣ በባትሪ የሚሠሩት ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ይህ አልነበራቸውም። መርፌያቸው የተያያዘችው ከክሪስታል ጋር ስለነበረ፣ በባህሪዋ ወደ ትክክለኛው የቀረበ ድምፅ ትሰጥ ነበር። ለዚህ ነው አያቶቻችን ይህን ሁሉ ሳያውቁ ደስ ብሏቸው ያዳመጡት።)

ዛሬ ደብረ ታቦር ላይ ጥሩ የፎኖ ማጉያ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ላፕቶፕ ግን አለ። የሰርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች ዘንድ ደግሞ በዩኤስቢ የሚሰካ የድምፅ ካርድ አይጠፋም። ያንን መመለስ በዕቃ ፈንታ ኮምፒውተሩ በስሌት ሊያደርገው ይችላል። ኦዳሲቲ የሚባለው፣ ከ20 ዓመት በላይ በነፃ ሲታደል የኖረው ፕሮግራም፣ የአር አይ ኤ ኤን ልክ በውስጡ ይዟል፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። እንደ እኛ አካባቢ ኔትወርክ ለማይተማመኑበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥሬውን ድምፅ ትቀርጻለህ፣ ልኩን ትመርጣለህ፣ ያ የቆርቆሮ ድምፅ ከበሮና መሰንቆ ይሆናል።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ዕቃውም ያደርገዋል፣ ኮምፒውተሩም ያደርገዋል። ደህና ዕቃ ላለው ሰው፣ ደህና ሁኔታ ላይ ላለ ባለ 45 ሸክላ፣ ውጤቱ ተቀራራቢ ነው፤ ዕቃ ያለው ሰው አይጣለው። ልዩነቱ የሚመጣው ነገር ሲበላሽ ነው። በዕቃው ውስጥ ያለፈ ድምፅ ተለውጦ ነው የሚቀረጸው። ጥሬው ከተቀመጠ ግን ስሌቱን ነገም፣ ከአሥር ዓመት በኋላም፣ በተሻለ ዕውቀት እንደ አዲስ መሥራት ይቻላል። ዱቄት ቤት ካለ እንጀራው ቢበላሽ ሌላ ይጋገራል።

ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ላውጋችሁ። አንዲት እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ እትየ የሚላቸው፣ የሟች ባለቤታቸው ሠላሳ የሚሆኑ ሸክላዎች ነበሯቸው። ልጃቸው ለእናቱ ደስታ ብሎ ወደ አዲስ አበባ ወሰዳቸውና አንድ ሱቅ አስገለበጣቸው። የሱቁን ስም አላነሳም። ፍላሹ መጣ፤ ሸክላዎቹ ግን «ከእንግዲህ ምን ያደርጋሉ?» ተብለው እዚያው ቀሩ፣ የት እንደደረሱም አልታወቀም። እትየ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተው አንድ ዘፈን ሰሙና አጠፉት። ወደ እኔ ሲመጡ የተናገሩት፦ «አንተ ልጅ፣ ይኼ ሰውዬ ጋን ውስጥ ገብቶ ነው እንዴ የሚዘፍነው? የኛው አይደለም።»

ከጋን ውስጥ የሚለው አገላለጽ በትክክል ችግሩ ነበር። ዛሬ የሚሸጡ ብዙ ማጫወቻዎች ልኩን የሚመልሰው ወረዳ በሆዳቸው ውስጥ አላቸው፤ ከጀርባቸውም «ፎኖ» እና «ላይን» የሚል ማብሪያ አለ። ማጫወቻው አንዴ መልሶ የሰጠውን ድምፅ እንደገና «ፎኖ» የሚል መሰኪያ ውስጥ ብትሰካው ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ወፍራሙ ሰባት እጥፍ መጨመሩ ቀርቶ ወደ አርባ ዘጠኝ እጥፍ ይጠጋል፤ ቀጭኑ አንድ አምስተኛ መሆኑ ቀርቶ ሃያ አምስተኛ ይሆናል። ከበሮው ቤቱን ያናውጣል፣ ቃላቱ አይሰሙም።

በኮምፒውተር ይህን ወደ ኋላ ማዞር ይቻላል፤ ልኩን ገልብጦ አንድ ጊዜ መተግበር ነው። አደረግሁት። ሰውዬው ከጋኑ ወጣ። እትየ መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ከዚያ «አሁን መጣ» አሉ። ደስታው ግን ሙሉ አልሆነም። ከበሮው በተመታ ቁጥር ድምፁ ጣሪያ ነክቶ የተቆረጠበት ቦታ ነበረ፤ የተቆረጠ ደግሞ አይቀጠልም። ሱቁ ፋይሉን ያስቀመጠው በጣም በተጨመቀ ኤምፒስሪ ስለነበር ደካማው ቀጭን ድምፅ «አይሰማም» ተብሎ ከነጭራሹ ተጥሏል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ክራሩ መኖሩን እሳቸው ያውቃሉ፤ እኔ ግን ላገኘው አልቻልኩም። ሸክላው ቢኖር ኖሮ እንደገና መጀመር እንችል ነበር።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው «ዘፈኖቹ ዩቲዩብ ላይ አሉ አይደል?» ይለኛል። አንዳንዶቹ አሉ። የታወቁት አሉ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም፣ ሸክላ ማሳተም በአዋጅ የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ሥልጣን ነበር፤ እሱ ግን ደፍሮ ገባበት። አገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ ሥራውን መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላ ቤይሩት እየላከ አሳተመ፤ አለማየሁ እሸቴ፣ ማህሙድ አህመድ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በእሱ በኩል ወጡ። ከመቶ በላይ ባለ 45 ሸክላዎች አሳትሞ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ጥሎ ሄደ። በፈረንሳይ ኢትዮፒክስ የተባለውን ተከታታይ ሥራ ያዘጋጀው ፍራንሲስ ፋልሴቶ፣ በዚያ አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የታተሙትን ባለ 45 ሸክላዎች ወደ 500 ያደርሳቸዋል። ሁሉም በሲዲ አልወጡም። በተለይ ጀርባ ገጹ ላይ ያለው ዘፈን፣ ያልታወቀው ዘፋኝ፣ መሰንቆ ብቻ ይዞ የገባው አዝማሪ፣ ብዙውን ጊዜ ያለው ሰው ቤት ብቻ ነው። በኋላ ካሴት መጣ፣ ሸክላም ቆመ። ያ ቁልል ከአልጋ ሥር ሲወጣ የሚወጣው የቤቱ ትዝታ ብቻ አይደለም ማለቴ ነው።

ወደ ሥራው ልመለስ። ጥሬውን መቅረጽ ጥቅሙ በብዛት የሚታየው ያልተጠበቀ ነገር ሲመጣ ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ ማጫወቻ። ዋሽንግተን ያለ ልጅ ለአባቱ አሮጌ ግን ጥሩ ማጫወቻ ይዞለት ይመጣል፤ አባት ደስ ብሏቸው ያጫውቱታል፣ ዘፋኟ ግን ወንድ ትሆናለች። ማጫወቻው አልተበላሸም። የድሮ ማጫወቻ ሞተሮች ብዙዎቹ ፍጥነታቸውን የሚቆጥሩት ከመብራቱ ንዝረት ነው። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይነዝራል፣ የእኛ 50። ስለዚህ 45 መዞር ያለበት 37 ተኩል ብቻ ይዞራል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ይህን አያስተካክልም። ኮምፒውተር ላይ ግን ፍጥነቱን በ20 በመቶ ከፍ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ልብ መባል ያለበት ቅደም ተከተሉ ነው። ፍጥነቱ መጀመሪያ፣ የድምፁ ልክ ቀጥሎ። በቀስታ በሚዞር ሸክላ ላይ የ10 ሺህ ኸርዙ ድምፅ ወርዶ 8 ሺህ 300 አካባቢ ይገኛል፤ ዕቃው ይህን አያውቅም፣ የ8 ሺህ 300ን ልክ ይሰጠዋል። ስለዚህ በፎኖ ዕቃ ውስጥ አልፎ የተቀረጸው በኋላ ፍጥነቱ ቢስተካከልም ልኩ ተንጋድዶ ይቀራል። ጥሬው ካለ ግን ችግር የለም። የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ሸክላም ቢሆን፣ መርፌዋ እንዳትዘል ሆን ብሎ በቀስታ አጫውቶ በኋላ ማፍጠን የሚቻለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ቀጭታ ነው፤ ያ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚለው የጭረት ድምፅ። ደብረ ታቦር ለተወለደ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። የእኛ ከተማ ስሟን የምትጋራው ነሐሴ 13 ቀን ከሚከበረው በዓል ጋር ነው። ለቡሄ ጅራፍ ሲጮህ አጠገብ ላለ ሰው አንድ ስለት ያለው ድምፅ ነው፤ ጧ ብሎ ያልቃል። ተራራው ማዶ ላለ ሰው ግን ገደል ማሚቶው ተጨምሮበት እየተንከባለለ ይሄዳል። ጥሬው ቅጂ ላይ ጭረት አጠገብ እንዳለ ጅራፍ ነው፤ አጭርና ሹል ስለሆነ ፕሮግራሙ በቀላሉ ለይቶ ይነቅለዋል። ልኩ ከተመለሰ በኋላ ግን ወፍራሙ ስለተጨመረበት ጭራ ያበቅልና ከዘፈኑ ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ጭረቱን መጀመሪያ መንቀል፣ ከዚያ ልኩን መመለስ ይሻላል። በዕቃ ለሚገለብጥ ሰው ይህ ቅደም ተከተል የለውም።

ሦስተኛውና እኔ በጣም የምወደው የ78ቶቹ ጉዳይ ነው። ከ1954 በፊት እያንዳንዱ ኩባንያ የየራሱ ልክ ነበረው። ከእ.ኤ.አ. 1925 በፊት ደግሞ ቀረጻው ኤሌክትሪክም አልነበረውም፤ ዘፋኙ ትልቅ ጥሩንባ የመሰለ ቀንድ ውስጥ እየዘፈነ ንዝረቱ በቀጥታ መርፌዋን ይገፋት ነበር። የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያ ሸክላዎች እንዲህ የተቀረጹ ናቸው፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ፣ ጀርመን አገር የተቀረጿቸው። በእነዚያ ላይ ሆን ተብሎ የተቀነሰም የተጨመረም የለም። የዛሬን ልክ ብትጭንባቸው ያልተቀነሰውን ወፍራም ድምፅ ትጨምርበታለህ፣ ያልተጨመረውን ቀጭን ትቀንስበታለህ፤ ሰውዬውም ጋን ውስጥ ይገባሉ። ከጣሊያን ዘመን አካባቢ የመጡት ሸክላዎች ደግሞ በኤሌክትሪክ የተቀረጹ ናቸው፤ ወፍራሙ ተቀንሷል፣ ቀጭኑ ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ዛሬው አልተጨመረም። ዕቃው የሚያውቀው አንድ ልክ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን መስመሩን በእጅ መሳል ይቻላል።

ታዲያ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ማን ይፍረድ? የሸክላው ወረቀት ላይ አልተጻፈም። እዚህ ላይ ነው አያት የሚያስፈልገው። የደቡብ ጎንደር ሰው ለጆሮ እንግዳ አይደለም። የድጓው ቤተልሔም ያለው ጋይንት ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚባለው ዙር አምባ ላይ ነው፤ ተክሌ የሚባለው አቋቋም የደብረ ታቦር ነው። በዚህ ትምህርት ያለፈ ሰው አንዲት የድምፅ ስባሪ ብታመልጥ ያውቃል። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ የኔታ አሉ፤ ዘፈን ባይወዱም ሸክላው የአባታቸው ስለሆነ አብረውኝ ይቀመጣሉ። ሦስት ዓይነት ልክ ሠርቼ አሰማቸዋለሁ። እሳቸው ዜማውን አይደለም የሚሰሙት፤ ፊደሉን ነው።

«ሰ እና ፈ ተቀላቅለዋል» ይላሉ፤ ቀጭኑ በጣም ተቀንሷል ማለት ነው። ቀጥለው «አሁን ደግሞ ሸው ይላል፣ ጸ እንደ እባብ ሆነ» ይላሉ፤ በዝቷል ማለት ነው። ይህ ከማንኛውም መለኪያ ዕቃ የተሻለ ነው። የሰ፣ የሸና የጸ ድምፅ የሚገኘው በትክክል ልኩ በሚለዋወጥበት በቀጭኑ ጫፍ ላይ ነውና። ወፍራሙን ደግሞ መሰንቆ የሚያውቅ ሰው ይፈርዳል፤ የቆዳው እምብርት የሚሰጠው ጉርምርምታ ሲጠፋ መሰንቆው ከቆዳ ሳይሆን ከቆርቆሮ የተሠራ ይመስላል። የኔታ ሸክላውን በልጅነታቸው ሲዘፈን ሰምተውታል። እኔ አልሰማሁትም። ይህ የመሰለ ምስክር በሕይወት እያለ ነው ሥራው መሠራት ያለበት፤ ሸክላው ሌላ ሃምሳ ዓመት ይቆይ ይሆናል።

አሁን መግለበጥ ለሚፈልግ ቤተሰብ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች ልጨምር። ጥሬው ሲቀረጽ 24 ቢት በሚባለው መጠን ይሁን። ወፍራሙ ድምፅ በጥሬው ላይ ደካማ ነው፤ በኋላ ሰባት እጥፍ ሲነሳ 16 ቢት ላይ ከሆነ ሻካራው አብሮ ይነሳል። የድምፅ ቤተ መዛግብት ባለሙያዎች 24 ቢትና 96 ኪሎኸርዝ ይመርጣሉ፤ በዚህ መጠን አንድ ደቂቃ ስቴሪዮ 35 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ሃምሳ ባለ 45 ሸክላዎች ከነጀርባቸው አንድ ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ሰፍተው ያድራሉ። ሸክላው ሞኖ ቢሆንም በስቴሪዮ ይቀረጽ፤ የቦዩ ግራና ቀኝ ግድግዳ ለየብቻ ስለሚነበብ አንዱ ከተጎዳ ሌላውን መምረጥ ይቻላል። ሲቀረጽ ድምፁ ጣሪያ እንዳይነካ ዝቅ ተደርጎ ይጀመር።

የመርፌዋ ገመድ በቀጥታ ማይክሮፎን መሰኪያ ውስጥ ቢገባ ቀጭኑ ድምፅ ይደክማል። መግነጢስ ያላቸው ራሶች 47 ኪሎ ኦም የሚሆን ተቃውሞ ይፈልጋሉ፣ የማይክሮፎኑ መሰኪያ ግን ከዚያ በጣም ያንሳል። የጊታር መሰኪያ ያለው የድምፅ ካርድ ከተገኘ እሱ ይሻላል፤ በጎን አንዲት ባለ 47 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይበየድበታል። ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ይህ የሻይ ዋጋ ነው። ላፕቶፑ ከቻርጀሩ ተነቅሎ በባትሪው ቢሠራ ደግሞ ያ የመብራት «እምምም» ይቀንሳል። መብራት ለሚጠፋባት ከተማ ከባትሪ ጋር መላመድ አዲስ ነገር አይሆንም።

ማጽዳት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከኮሮና ወዲህ በየቤቱ ሳኒታይዘር አለ፣ አረቄማ ድሮም አለ። ባለ 78ቱን ሸክላ በአልኮል መጥረግ ፈጽሞ አይገባም። የተሠራበት ሙጫ፣ ከነፍሳት የሚገኘው ሼላክ፣ በአልኮል ይሟሟል፤ የተጠረገው ቦታ ድምፁም ቦዩም ይጠፋል። ለብ ያለ ውኃ፣ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ መሀል ላይ ያለው ወረቀት አይርጠብ። ለባለ 78ቱ መርፌዋም ሌላ ናት፤ ቦዩ ከኋለኞቹ ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ የባለ 45ቱ መርፌ ከታች ወርዳ ቆሻሻውን ትፍቃለች። ሸክላ ደግሞ ምድጃ አጠገብ አይቀመጥ፣ ተጋድሞም አይደራረብ፤ እንደ መጽሐፍ ይቁም።

እኔ ፋይሎቹን ስሰይም ጥሬው ላይ «ጥሬ» ብዬ እጽፋለሁ፣ የተሠራውን ለብቻው አስቀምጣለሁ፤ የትኛውን ልክ እንደተጠቀምኩና ፍጥነቱን በስንት እንደቀየርኩ በአንዲት የጽሑፍ ፋይል ይገባል። የሸክላውን ወረቀት ፎቶ አነሳለሁ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ወደ ባለቤቱ አዞርና «ይኼን ሸክላ ከየት ገዙት? ስንት ገዙት? ማን ነበር አብሮዎት?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሳቸውም ከዘፈኑ ጎን ይቀመጣል። ባለፈው ክረምት አንድ አባት ለዚህ ጥያቄ አርባ ደቂቃ መለሱልኝ። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ተኩል ነበር። አንዱን ፍላሽ እሳቸው ዘንድ ሳንዱቁ ውስጥ ከሸክላው ጋር አስቀመጥን፣ ሌላውን አዲስ አበባ ያለች ሴት ልጃቸው ወስዳለች።